«ሲሸጥስ?»፦ ከዲምቱ ባጃጅ ተራ እስከ ሶዶ ጋራዦች የሚደረገው የመኪና ክርክር

መኪና የሚወዱ ሰዎች ሲከራከሩ ድንገት የደረሰ ሰው ጉዳዩ የውበትና የጉልበት ይመስለዋል። አንዱ የቪትዝን ጥንካሬ ያወድሳል። ሌላው ዲዛየር በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ይምላል። ሦስተኛው የቢዋይዲን ሰፊ ስክሪን በስልኩ እያሳየ ሁለቱንም ወደ ሙዚየም ይሸኛቸዋል። ቁጭ ብሎ ላዳመጠ ግን ወሬው በየት በየት ዞሮ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል፦ «ዕቃው እንደ ልብ ይገኛል?» እና «ሲሸጥስ?»። «የቶዮታ ሰው ነኝ» የሚል ኢትዮጵያዊ ታማኝነቱ ጃፓን ላለው ኩባንያ አይደለም። ለሚያውቀው መካኒክ፣ ለመለዋወጫ ቤቱና ለደላሎቹ ገበያ ነው። ይህን የያዘ ሰው የክርክሩን ውል አይስትም፤ የታክስ አዋጅና የኤሌክትሪክ መኪና ለምን እንዳመሱትም ይገባዋል።

ከዲምቱ እንነሳ። ዲምቱ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚወርደው የወላይታ ክፍል። እንደ ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞቻችን የቤት መኪና ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ሰውም ዕቃም የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በሞተርና በባጃጅ ነው። ክርክሩም በዚያው ልክ ነው፦ ባጃጅ ወይስ ቲቪኤስ? ሁለቱም የህንድ ናቸው። ባጃጅ አውቶ የፑኔ ከተማ ኩባንያ ሲሆን ቲቪኤስ ደግሞ የደቡቧ ታሚል ናዱ ነው። ቅርጻቸው ግን የመጣው ከጣሊያን ነው። ቬስፓ ስኩተርን የነደፈው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ መኪና መግዣ ባጣችበት ጊዜ፣ ስኩተሯን ከኋላ ሁለት ጎማ ሰጥቶ ዕቃ መጫኛ አደረጋት። አፔ ተብላ እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ ላይ ዋለች። አምራቹ ፒያጆ ለባጃጅ ፈቃድ ሸጠለት፤ ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃም ባጃጅ በራሱ መንገድ ቀጠለ። ዛሬ ዲምቱ ላይ የሚታየው ባጃጅ የመኪና መሪ ሳይሆን የሞተር እጀታ የያዘው ከዚያ በወረሰው ነው። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ መኖሩ ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ልብ ያዞረዋል፤ በፍጥነት ሲታጠፍ የሚገለብጠውም ይኸው ነው። ይህን ጉድለት ባጃጅም ቲቪኤስም እኩል ይካፈሉታል፤ «የእኔ አይገለበጥም» የሚል ሹፌር ካጋጠመዎት አይመኑት።

በባጃጅ ክርክር ውስጥ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን፤ ባለቤቱና ሹፌሩ። በተለመደው አሠራር ሹፌሩ ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ችሎ የተረፈው የእሱ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ የሚያወድሰው ቤንዚን የማይጠጣውን፣ ጠዋት ሳያንገራግር የሚነሳውንና ዳገት ላይ ሦስት ሰው ጭኖ የማይለምነውን ነው። ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን በውድ የሚገዛው እሱ ስለሆነ ሊትር መቁጠሩ አይገርምም። ባለቤቱ ግን የሚያስበው ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚያወጣለት ነው። ባጃጅ ከቲቪኤስ ይሻላል፣ አይሻልም የሚለው ሙግት አንዳንዴ የሁለት ማሽኖች ሳይሆን የእነዚህ የሁለት ኪሶች ሙግት ነው። ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ዕቃ ነው። ማንኛውም ልጅ እግር መካኒክ የሚፈታው፣ ዕቃውም በየሱቁ ያለ ተሽከርካሪ አንድ ቀን ቆሞ በማግስቱ ይሠራል። ዕቃው የወላይታ ዋና ከተማ ሶዶ ላይ ከሌለ አዲስ አበባ ተደውሎ፣ በአውቶቡስ ተልኮ እስኪደርስ የቆመው ግን የሦስትና የአራት ቀን ገቢ በላ ማለት ነው።

ታዲያ ውበት የለም ወይ? አለ እንጂ። ፋብሪካው የሰጠው ቅርጽ ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆነ የባለቤቱ ጣዕም የሚወጣው በልባሱ፣ በመብራቱ፣ በመስታወት ላይ ጽሑፉና በሙዚቃው ነው። የአርሰናል ወይም የወላይታ ድቻ አርማ የለጠፈ፣ ወንበሩን በወላይታው ባህላዊ ልብስ በዱንጉዛ ቀለማት በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ ያለበሰ ሰው የዲዛይን ክርክር ውስጥ ገብቷል፤ የሚከራከረው ከፋብሪካው ጋር ስላልሆነ ብቻ አንቆጥርለትም።

ከፍ ወዳለው እንሻገር። የወላይታ ዝንጅብልና ሙዝ ወደ ገበያ የሚወጣው በአይሱዙ ነው። የአይሱዙ ሰዎች ስለ ሌላ መኪና ማውራትም አይወዱም። ምክንያታቸው አጭር ነው፦ «ይችላል»። ከታች ባሌስትራ ይጨመርበታል፣ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ይጫንበታል፣ አሁንም ይሄዳል። እንደኔ ይህ ምስጋና ሆኖ መነገሩ ያሳስባል፤ ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬኑ አብሮ አይጨመርምና። ሕዝቡም ዝም አላለም። አይሱዙን «አል ቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው መንገድ ላይ ያየውን አይቶ ነው። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለውን ሃይስ «አባዱላ»፣ የቀድሞውን «ዶልፊን» ሲል ግን ፍቅር አለበት።

ወደ ቶዮታ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። ቪትዝን እንውሰድ፤ የተማሪ መኪና፣ የሴት መኪና፣ የጀማሪ መኪና እየተባለች የምትቀለድባት ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ የአገሪቱን የዓመቱ መኪና ሽልማት ወስዳለች፤ ያሪስ በሚል ስም ወደ አውሮፓ ተሻግራም የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆናለች። መልኳን የሰጣት ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ዲዛይነር ነው። «ቪትዝ» የሚለው ስም የጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ስም መሆኑ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ጃፓን በግራ ትነዳለች፤ ስለዚህ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ያለባት መኪና ስትወለድ መሪዋ በቀኝ በኩል ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ናት። እነዚያ ሁሉ ቪትዞች ጎዳናችን ላይ መሪያቸው በግራ ሆኖ የሚታየው አብዛኞቹ በመንገዳቸው ላይ፣ በተለይ የባሕረ ሰላጤው ገበያ ውስጥ፣ ተቀይሮላቸው ነው።

እዚህ ላይ ዲዛይን የእውነት ሚና ነበረው። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች የፍጥነት መቁጠሪያ ከመሪው ጀርባ ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነው የተቀመጠው። አንዳንዱ ይህን እንደ ፋሽን ያየዋል፤ «ዓይን ያደክማል» ብሎ የሚያማርርም አለ። ለፋብሪካው ግን መሃል ላይ ያለ መቁጠሪያ ለቀኝ መሪም ለግራ መሪም ሳይቀየር ያገለግላል። መሪውን ለሚያዞረው የዱባይ ወይም የሻርጃ ባለሙያም ሥራውን ማቅለሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ መሪ የተቀየረላት መኪና መሪ ካልተቀየረላት እኩል አይደለችም። የመሪው ሳጥን፣ ፔዳሎቹና የኤሌክትሪክ ገመዱ በሰው እጅ ተነስተው እንደገና ገብተዋል፤ የአየር ከረጢቱ በቦታው ይኑር አይኑር ገልጦ ያየ ገዢም ጥቂት ነው። ሻጭ «ሞተሩ ያልወረደ፣ ቀለሙ ያልተነካ» ሲል ጆሯችን ይነቃል፤ ስለ ኤርባግ ግን ስንጠይቅ አልሰማም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ላሜራም እንነጋገር፤ የትኛውም ክርክር ውስጥ አይቀርምና። «የድሮ ቶዮታ ላሜራው ወፍራም ነው፤ የአሁኖቹ ቆርቆሮ ናቸው» ይባላል። ላሜራን በጣት መታ መታ አድርጎ ጥንካሬን መለካት እንደ ሐብሐብ መምረጥ ነው፤ ውስጡን አይነግርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ መርሴዲስ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቤላ ባረኒ ያስመዘገበው ሐሳብ መኪና ሲጋጭ ፊቱና ኋላው እየተጨማደደ ጉልበቱን እንዲውጥ፣ ሰው የተቀመጠበት መሃሉ ግን እንዳይበገር የሚያደርግ ነው። ዛሬ መኪኖች ሁሉ በዚሁ መርህ ይሠራሉ። ከአደጋ በኋላ ኮፈኑ ተጨማዶ ሾፌሩ በእግሩ ከወረደ መኪናው «ቆርቆሮ» ስለሆነ ሳይሆን ሥራውን ስለሠራ ነው። ግጭት ውስጥ ያልተጨማደደው ላሜራ ጉልበቱን የሚያሳልፈው ለተሳፋሪው ደረት ነው።

ቶዮታ ታዲያ ለምን ነገሠ? ሞተሩ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ትልቁ ነገር አለመቀየር ነው። ላንድክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ እስከ ዛሬ በዋናው ቅርጹ እየተመረተ ነው። የሃይስና የሃይሉክስ ሰዎች «ሦስት ኤል»፣ «አምስት ኤል» እያሉ በስም የሚጠሯቸው የናፍጣ ሞተሮች ብዙ ዓመት፣ በብዙ መኪና ውስጥ ተደጋግመው ገቡ። ይህ ማለት የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል፤ አንዱን የፈታ መካኒክ ሌላውን ለመፍታት አይፈራም፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሲፈለግም ክምሩ ትልቅ ነው። ከቶዮታ በፊትም ያየነው ይህንኑ ነው። «ኤን ትሬ» እያልን የምንጠራው የፊያት 682 ከባድ መኪና ለሁለትና ሦስት ትውልድ ሹፌር እንጀራ የሆነው ከሌላው ይልቅ ስለሚያምር አልነበረም። በሌላው ዓለም የመኪና ወዳጅ አዲስ ቅርጽ ሲመጣ ይደሰታል፤ እኛ ዘንድ አዲስ ቅርጽ ማለት ገና ሶማሌ ተራ ያልደረሰ ዕቃ ማለት ነው።

ከዚያ ክቡ ራሱን ያዞራል። ብዙ ሰው ቶዮታ ስላለው ዕቃ ነጋዴው የቶዮታ ዕቃ ያመጣል፤ ዕቃው ስላለ መካኒኩ ቶዮታ ይለምዳል፤ መካኒኩ ስለለመደ ሰው ቶዮታ ይገዛል፤ ገዢ ስለማይጠፋ ዋጋው አይወርድም። አንድ የሶዶ መምህር በቁጠባ ማኅበር ብድር የተሻለች ሌላ መኪና ማግኘት እየቻለ ያረጀች ቪትዝ ቢመርጥ ስሌቱ ይገባኛል፦ የሚገዛው መኪና ብቻ ሳይሆን ችግር ሲመጣ በሳምንት ውስጥ ብር የሚሆን ንብረት ነው። ልጅ ሲታመም፣ ቤት ሲጀመር፣ ደላላው ጋ ይደወላል።

«ገዝቼ አምስት ዓመት ነድቼ አትርፌ ሸጥኩ» የሚለው ጉራ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአብዛኛው ዓለም መኪና ከመሸጫው በር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። የእኛ የሚወጣው መኪናው ስለጎመራ ሳይሆን ብሩ ስለደከመ፣ ታክሱ ስለከበደና ተተኪው ስላልገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብዙ ሰው መኪናውን በውድ ሸጠ፤ በዚያው ገንዘብ ሌላ ሊገዛ ሲወጣ ግን ሌላውም ተወዶ ጠበቀው።

የታክሱን ነገር ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የኢትዮጵያን የመኪና ጣዕም የቀየረው እሱ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ላይ በዕድሜው ልክ ጫነበት፤ ጣሪያው እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ መኪና ግን 5 በመቶ ብቻ ተጣለበት። በአንድ ቀን የዱባይ ቪትዝ መንገድ ተዘጋ ማለት ይቻላል። አገር ውስጥ የነበሩት ቪትዞች ውድ ሆኑ፤ አዲስ የሚገዛው ደግሞ ወደ ሱዙኪ ዲዛየር ዞረ። ዲዛየርን ያየ ሰው ኋላዋ እንደ ተቆረጠ ይታየዋል፤ እውነትም ተቆርጧል። ህንድ ርዝመታቸው ከ4 ሜትር በታች ለሆኑ ትንንሽ መኪኖች ታክስ ስለምትቀንስ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ማሩቲ ሱዙኪ የዲዛየርን ጭራ አሳጥሮ ወደ 3 ሜትር ከ99 ሴንቲ አወረዳት። ሞተሯም 1.2 ሊትር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የራይድና የፈረስ ሹፌሮች የሚነዷት፣ ሶዶም የደረሰችው ዲዛየር ርዝመቷን ለህንድ ታክስ ሰብሳቢ የቀነሰች፣ በሞተሯም የእኛን ታክስ ሰብሳቢ ያስደሰተች መኪና ናት። «ኋላዋ አያምርም» ለሚል ተከራካሪ መልሱ ይኸው ነው።

ቻይና ሠራሽ መኪና ላይ የነበረው ጥርጣሬም ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር የተባለ ኩባንያ መኪና እየገጣጠመ አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ እያለ በወንዞቻችን ስም ሸጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ዱከም ላይ ሊፋን ተገጣጠመ፤ ቻይና ያለው እናት ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በዕዳ ተይዞ ፍርድ ቤት ገባ። በዚህ ሁሉ መካከል መኪናው መጥፎ ነበር ወይ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የገዛው ሰው የተማረው ሌላ ነው፦ ኩባንያው ከሄደ ዕቃው አብሮ ይሄዳል፣ ዕቃው ከሄደ ደላላው ስልክ አያነሳም። እኔ ለምሳሌ ሊፋን ምቾት አለው የሚሉትን አምናቸዋለሁ፤ የሚሸጡ ቀን ግን አልቀናባቸውም።

አሁን ይህ ሁሉ ስሌት እየተነቃነቀ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ እንዲከፍል ተወሰነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪናን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ተከለከሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጨርሶ እንደሚቆም ተነገረ። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከእንግዲህ የሚከራከረው በቢዋይዲ፣ በቻንጋን፣ በቮልስዋገን አይዲና በቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ መካከል ሆነ። የቶዮታ ሰው ወደ መጨረሻው ይጠጋል፤ ስሙ ያጽናናዋል። ግን ስም እዚህ ምን ያህል ዋስ ይሆነዋል? ቶዮታ ይህችን መኪና እ.ኤ.አ. በ2022 ገና ከማውጣቱ የጎማ ብሎኗ ሊላላ ስለሚችል 2,700 ያህሉን መልሶ ጠርቷል። ሌላው ነገር፣ እነዚህ መኪኖች ካምቢዮ የሚጠገንላቸው፣ ካንዴላ የሚቀየርላቸው አይደሉም። የአምስት ኤል ሞተርን በጆሮው የሚያክም የሶዶ መካኒክ ኮምፒውተርና የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ከሌለው ኮፈኑን ከፍቶ ከማየት አያልፍም። ቶዮታን ያነገሠው ሰው ከክርክሩ ወጣ ማለት ነው።

ከዲምቱ ወይም ከሶዶ ሆኖ ኤሌክትሪክ የሚያስብ ሰው መጠየቅ ያለበት ከስክሪኑ በፊት ርቀቱን ነው። በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ቢዋይዲ ሲገል ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት፤ ትንሹ 30፣ ትልቁ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። ወረቀቱ ለአንደኛው 305፣ ለሁለተኛው 405 ኪሎ ሜትር ይላል፤ የተለካው ግን ቻይና በምትጠቀምበት ለስላሳ መለኪያ ነው፤ መንገድ ላይ ከዚያ ያንሳል። አዲስ አበባና ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ዳገት፣ ጭነትና ፍጥነትም አለ። ትንሽ ባትሪ ያላት መኪና መሃል ላይ ሳትሞላ አትገባም፤ ትልቁንም ቢሆን አልተማመንበትም። ሁለተኛው ጥያቄ መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት የራሳቸው የመሰኪያ ዓይነት አላቸው፤ የአውሮፓው ሌላ ነው፤ የደረሱበት ፈጣን ቻርጀር የትኛውን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ መንገድ መጀመር አያዋጣም። ቮልስዋገን አይዲ 6ን የመሰሉት ደግሞ ለቻይና ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ማውጫቸውም ቻይንኛ ሆኖ ይመጣል። ሦስተኛው ከታች ነው፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ኮረኮንች ላይ ሆዱን የሚመታ መኪና ጉዳቱ ከማርሚታ መበሳት ይከብዳል።

ለቤትና ለከተማ ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨውም ቅርብ ነው፤ የግልገል ጊቤ 3 ኃይል ማመንጫ ያለው ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት የኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነበር። ሶዶ ውስጥ በቀን 40 እና 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ማታ ቤቱ ሰክቶ ቢያድር፣ መብራት ካልጠፋ፣ በማደያ ሰልፍ ላይ ከሚያድረው ጎረቤቱ ይሻላል። በባጃጅ ተራም የኤሌክትሪኩን ሦስት ጎማ ከሁሉም ቀድሞ የሚሞግትለት ሹፌሩ እንጂ ባለቤቱ አይሆንም፤ ነዳጁን የሚችለው እሱ ነበርና።

የቀረው የድሮው ጥያቄ ነው። አምስት ዓመት የተነዳ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው የሚወሰነው በባትሪው ጤና ነው፤ ሊብሬ ላይ የሚጻፈው ግን የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንጂ የባትሪ ጤና አይደለም። ቦሎ የሚሰጠው ምርመራም ፍሬንና መብራት ያያል። ሻጩ «ባትሪው አልተነካም» ሲል ማመን ወይም መኪናውን ሞልቶ፣ እስከ 20 በመቶ ነድቶ፣ የሄደውን ኪሎ ሜትር ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ነው። አንዳንዶቹ መኪኖች የባትሪውን ሁኔታ በኮምፒውተር ስለሚያሳዩ ከመግዛት በፊት ለዚያ መክፈል ያዋጣል። የሶዶ ደላሎች እስካሁን የሚያመጡት ይህን የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ቀለም የሚያይ ሰው ነው።